ጡረታ ምጽዋት አይደለም



በግቢያችን ውስጥ፤ በምግብ አዳራሹም ሆነ በቤተ መጻሕፍቱ ደጃፍ፤ አንድ ዐይነት ንግግር ደጋግሞ ይሰማል። «ሽማግሎቹ ቦታውን አይለቁልንምን? ኮምፒዩተር መክፈት የማይችል ጸሐፊ ወንበር ይዞ ሳለ፤ ዲግሪ የጨበጠ ወጣት ስለ ምን ሥራ ፈትቶ ይዞራል?» ይባላል። ይህን የሚናገሩ ጓደኞቻችን ክፉ ሰዎች አይደሉም። ሥራ ማጣትን ይፈራሉ፤ ፍርሃታቸውም እውነተኛ ነው። ዳሩ ግን ቍጣቸው የወረደው ባልበደላቸው ሰው ላይ ነው። የወደቀ ዛፍ ምሣር ይበዛበታል እንደሚባለው፤ ሊወድቅ የተቃረበውን ሽማግሌ እኛም ተጨምረን እንቈርጠዋለን። ይህ ጽሑፍ የሚከራከረው በዚህ ላይ ነው።

በመጀመሪያ ስለ ማን እንደምንናገር እንወቅ። በሐዋሳ መሃል ከተማ ክፍለ ከተማና በአካባቢው ካሉት የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ወደ አንዱ ገብታችሁ መዝገብ ቤቱን አንኳኩ። በክላሰር ክምር መካከል የተቀመጠውን፤ መነጽሩን በክር ያሰረውን ሰው ታገኙታላችሁ። ይህ ሰው በ2018 ዓ.ም. 60 ዓመት ሞልቶት እንደ ሆነ፤ የተወለደው በ1958 ዓ.ም. ነው ማለት ነው። ከተማይቱ ራሷ ከእርሱ የምትበልጠው በጥቂት ዓመት ብቻ ነው። ሲቀጠር ሐዋሳ የሲዳሞ ዋና ከተማ ነበረች። ከዚያ የደቡብ ክልል መቀመጫ ሆነች። ኅዳር 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ሕዝበ ውሳኔ ተደረገ፤ በዚያው ዓመት በሰኔ ወር የሲዳማ ክልል ተቋቋመ። ማኅተሙ ተለወጠ፤ የደብዳቤው ራስጌ ተለወጠ፤ አለቃው ተለዋወጠ። ያልተለወጠው ጸሐፊው ብቻ ነው። ለእያንዳንዱ አዲስ ሹም «ይህ ጉዳይ በዚህ ቀን በዚህ ቍጥር ወጪ ሆኗል» ብሎ የሚያስረዳው እርሱ ነው። መንግሥት ሲወርድና ሲወጣ፤ የልደት ምዝገባችን፤ የአባቶቻችን የቤት ካርታ፤ የእኛም የትምህርት ማስረጃ ሳይጠፋ የቆየው በዚህ ሰው እጅ ነው።

ታዲያ ይህ ሰው ሥራውን ሲጨርስ ምን ያገኛል?

ለዚህ ጥያቄ መልስ ከመስጠቴ በፊት ጡረታ የሚባለው ነገር ከየት እንደ መጣ ጥቂት ላስታውስ። ጥንት የመንግሥት አገልጋይ ሲያረጅ የሚጠብቀው ሕግ አልነበረም። ዕድለኛ የሆነ ማደሪያ መሬት ይሰጠው ነበር፤ ያልሆነለት ደጅ ይጠና ነበር። አቤቱታ አጽፎ፤ በጌታው ደጃፍ ቆሞ፤ የዛሬን ነገ እየተባለ፤ ምሕረት ቢያገኝ ያገኛል፤ ባያገኝ እንደ ቆመ ይቀራል። በ1953 ዓ.ም. የወጣው ድንጋጌ፤ ቀጥሎም በ1955 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቍጥር 209 ይህን ደጅ ጥናት በመብት ተኩት። ሠራተኛው ከደመወዙ ከመቶ 4፤ መንግሥት ደግሞ ከመቶ 6 እያዋጡ ሽማግሌው 55 ዓመት ሲሞላው የሚከፈለው ገንዘብ ተወሰነ። ከዚህ በኋላ ሕጉ ብዙ ጊዜ ተሻሽሏል። በ1995 ዓ.ም. የጡረታ መውጫው ዕድሜ 60 ሆነ። በ2003 ዓ.ም. የግል ድርጅት ሠራተኞችም የራሳቸው የጡረታ አዋጅ ወጣላቸው። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ አዋጅ ቍጥር 1267 ለመንግሥት ሠራተኞች ወጣ። ዛሬ ከሠራተኛው ደመወዝ ከመቶ 7 ይቈረጣል፤ መሥሪያ ቤቱም ከመቶ 11 ይጨምርበታል።

እንግዲህ ልብ በሉ። ከመቶ 7ቱ ሠራተኛው በእጁ ሳይዘው የሚቀር ገንዘብ ነው። ከመቶ 11ዱም ቢሆን ለሥራው ዋጋ የተመደበ እንጂ የቸርነት ስጦታ አይደለም። ሁለቱ ሲደመሩ ከመቶ 18 ይሆናሉ። ጸሐፊው ለሠላሳ ስድስት ዓመት በየወሩ መዋጮውን ሲያስቀምጥ ኖሮ፤ በመጨረሻ «መንግሥት ጦረው» ቢባል ቋንቋው ይበላሻል። ራሱን የጦረው ራሱ ነው። የተቀመጠለትን ሲቀበል ባለ ገንዘብ እንጂ ለማኝ አይደለም።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንምጣ፤ ክርክሩ ያለው በሒሳቡ ውስጥ ነውና። ለመጀመሪያዎቹ 10 የአገልግሎት ዓመታት ከደመወዝ ከመቶ 30 ይታሰባል። ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት ከመቶ 1.25 ይጨመራል። ጠቅላላው ግን ከመቶ 70 አይበልጥም። ደመወዝ የሚባለውም የመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ ነው። ወደ ከመቶ 70 ለመድረስ ስንት ዓመት እንደሚያስፈልግ አስሉት። ከ10 ዓመት በኋላ የሚጐድለው ከመቶ 40 ነው፤ ይህን በ1.25 ብናካፍለው 32 ዓመት ይሆናል። ድምሩ 42 ዓመት ነው። ማለትም አንድ ሰው በ18 ዓመቱ ተቀጥሮ፤ አንድ ቀን እንኳ ሳያቋርጥ፤ እስከ 60 ዓመቱ ካገለገለ ብቻ ጣሪያው ላይ ይደርሳል። ኮሌጅ ጨርሶ በ24 ዓመቱ የተቀጠረ ሰው ምንም ቢታትር አይደርስም፤ የእርሱ ድርሻ ከመቶ 62.5 ነው።

ከመቶ 62.5 በራሱ መጥፎ አይደለም የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ገንዘቡ ዋጋውን ጠብቆ ቢቈይ ኖሮ መልካም ነበር። ነገር ግን ሁለት ጸሐፊዎችን እናስብ። ሁለቱም በአንድ ክፍል፤ በአንድ ደረጃ፤ ለ36 ዓመት ሠሩ እንበል። አንደኛው በ2016 ዓ.ም. መጨረሻ ወጣ፤ የሦስት ዓመት አማካይ ደመወዙም 4,000 ብር ነበር እንበል። ጡረታው 2,500 ብር ይሆናል። ሁለተኛው በዕድሜ ስለሚያንስ ጥቂት ዓመታት ቈይቶ ይወጣል። በዚህ መካከል የደመወዝ እርከኑ በጥቅምት 2017 ዓ.ም.፤ እንደ ገና በመስከረም 2018 ዓ.ም. ተሻሽሏልና አማካዩ 8,000 ብር ደረሰ እንበል። የእርሱ ጡረታ 5,000 ብር ነው። ሥራው አንድ፤ ዘመኑ እኩል፤ ጡረታው እጥፍ! ልዩነቱን ያመጣው ትጋት ነውን? ትምህርት ነውን? አይደለም። የልደት ቀን ነው።

ይህ እንዳይበቃ፤ ሌላም ማስተያየት አለ። በጥቅምት 2017 ዓ.ም. የመንግሥት ሠራተኛ ዝቅተኛ ደመወዝ ከ1,500 ወደ 4,760 ብር ከፍ ተደረገ። በመስከረም 2018 ዓ.ም. ደግሞ 6,000 ብር ሆነ። ይህ መልካም ሥራ ነው፤ ሊነቀፍ አይገባውም። ግን ትርጕሙ ምንድር ነው? መንግሥት ራሱ፤ በራሱ ብዕር፤ ከሁሉ በታች ያለው ሠራተኛ እንኳ ከ6,000 ብር ባነሰ ሊኖር አይችልም ብሎ ፈርሟል ማለት ነው። እንግዲያስ በምሳሌያችን ያለው፤ 2,500 ብር የተወሰነለት ሽማግሌ፤ ማስተካከያ እስኪደርስለት ድረስ በምን ይኖራል? ገበያው ጡረተኛን ለይቶ ዘይት ያረክስለታልን? አከራዩ «አንተ ጡረተኛ ነህ፤ በግማሽ ኪራይ ኑር» ይለዋልን? የደም ግፊት መድኃኒትስ በስንት ዓመት አገልግሎት ይሰጣል? እርሱ ሲሞት ደግሞ ለባልቴቲቱ የሚቀርላት የዚያ ግማሽ፤ 1,250 ብር ነው።

በእርግጥ ለጡረተኞች በየጊዜው ማስተካከያ ተደርጓል፤ ይህን የሚክድ የለም። ዳሩ ግን ማስተካከያው የሚመጣው ጥናት ተጠንቶ፤ ውሳኔ ተጠብቆ ነው። ገበያ ግን ጥናት አይጠብቅም። እ.ኤ.አ. በ2011፤ እንደ ገናም በ2022፤ የአገራችን የዋጋ ንረት በዓመት ከመቶ 30 በላይ ነበረ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ የውጭ ዕቃና መድኃኒት ዋጋ ምን እንደ ሆነ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ዋጋ በየወሩ ሲሮጥ ጡረታ በየውሳኔው የሚራመድ ከሆነ፤ ሽማግሌው ዘወትር ወደ ኋላ ይቀራል። ስለዚህ 1953 ዓ.ም. ያስቀረልን ደጅ ጥናት በሌላ በር ተመልሶ ገብቷል። ድሮ ሽማግሌው ለብቻው ደጅ ይጠና ነበር፤ ዛሬ ጡረተኞች ሁሉ በአንድነት ሬዲዮናቸውን ከፍተው «ማስተካከያ ተፈቀደ» የሚል ዜና ይጠብቃሉ።

በተቃራኒ የሚነገሩትን ቃላት አንድ በአንድ እንመልከታቸው።

አንደኛ፤ «መንግሥት ድኻ ነው፤ ከየት ያምጣ?» ይባላል። ይህ ክርክር የሚቆመው ጡረታ ከመንግሥት ካዝና የሚሰጥ ስጦታ ቢሆን ነበር። ነገር ግን የተዋጣ ገንዘብ አለ። ያ ገንዘብ የት ነበረ? የጡረታ ፈንዱ ለረጅም ዓመታት የመንግሥትን የግምጃ ቤት ሰነድ ከሚገዙት ሁሉ ዋነኛው ነበረ። ሰነዱ በገበያ ዋጋ መጫረት እስከ ጀመረበት እስከ 2012 ዓ.ም. ድረስ የሚከፈለው ወለድ ከመቶ 3 እንኳ የማይሞላ ነበር። ዋጋ ከመቶ 10፤ 20፤ 30 ሲንር፤ የጸሐፊው ቍጠባ ከመቶ 3 ባነሰ ወለድ ተበደረ። እንግዲህ ማን ማንን ጦረ? ለብዙ ዓመታት መንግሥትን የጦረው ጸሐፊው ነው እንጂ መንግሥት ጸሐፊውን አልጦረም። በርካሽ የተበደረ ሰው ባለ ዕዳ ይባላል፤ ባለ ዕዳም ድኽነቱን ለአበዳሪው አይተርክም።

ሁለተኛ፤ «ልጆቻቸው ይጡሯቸው፤ የእኛ ባህል ይህ ነው» ይባላል። ባህላችንስ ይህ ነው፤ ጧሪ ቀባሪ ማጣት ከሁሉ የከፋ ርግማን ነው። ነገር ግን ይህን የሚሉት ሰዎች የጸሐፊው ልጅ ማን እንደ ሆነ ረስተዋል። የጸሐፊው ልጅ እኮ እኛ ነን! በዚህ ግቢ ካለነው መካከል በመዝገብ ቤት ሠራተኛ፤ በታይፒስት፤ በገንዘብ ያዥ ደመወዝ ተምረን የመጣን ስንት ነን? ተመርቀን ሥራ ሳናገኝ ዓመት ሁለት ዓመት ከአባታችን ቤት የምንቀመጠው፤ አባታችንን ልንጦር ነው ወይስ በአባታችን ልንጦር? 2,500 ብሩ ከእኛም አፍ ይካፈላል። ሥራ የሌለውን ልጅ ለጡረተኛ አባት ዋስ አድርጎ ማቅረብ፤ ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ማለት ነው።

ሦስተኛ፤ ያው የጓደኞቻችን ቃል ነው፤ «ቦታውን ይልቀቁ» የሚለው። እስቲ በእርጋታ እናስብ። በጡረታ የሚኖር መሆኑን የሚያውቅ ሰው ቀኑ ሲደርስ ይሰናበታል፤ ምናልባትም ደስ ብሎት። ጡረታው ረኃብ መሆኑን የሚያውቅ ሰው ግን ወንበሩን በሁለት እጁ ይይዛል። አገልግሎቱ እንዲራዘምለት ይለምናል፤ አለቃውን ይለማመጣል፤ አዲሱን ወጣት ሥራ ከማስተማር ይልቅ ይሰውርበታል። ከእኛ ጋር የሚያጣላው ሽምግልናው አይደለም፤ ፍርሃቱ ነው። ስለዚህ ወንበሩን የሚፈልግ ወጣት ከሁሉ በፊት ስለ ሽማግሌው ጡረታ መጮኽ አለበት። የእርሱ ጥቅምና የእኛ ጥቅም በአንድ ገመድ የታሰረ ነው።

አራተኛ፤ «ገበሬውና የቀን ሠራተኛው ይህንንም አላገኙ፤ ጸሐፊው ምን ጐደለበት?» ይባላል። ይህ ከሁሉ የተሻለ ጥያቄ ነው፤ ተገቢ መልስም ይገባዋል። ገበሬው ጡረታ የለውም፤ ነውርም ነው። ነገር ግን የአንዱ ረኃብ ለሌላው ረኃብ ምክንያት ሊሆን አይችልም። ሌሶቶ ከእኛ እጅግ ያነሰች አገር ናት፤ እ.ኤ.አ. በ2004 ዕድሜው 70 ለሞላው ዜጋዋ፤ መዋጮ ሳትጠይቅ፤ ከመንግሥት በጀት ጡረታ መክፈል ጀምራለች። ዛንዚባርም እ.ኤ.አ. በ2016 ይህንኑ መንገድ ተከትላለች። አፍሪካውያን ወንድሞቻችን የጀመሩትን እኛም ልንመኘው እንችላለን። መዋጮውን የከፈለውን ሰው በአግባቡ ሳንከፍለው ግን ያልከፈለውን እንጦራለን ብንል ማን ያምነናል?

ከሒሳቡ ሌላ የወረቀቱ ነገር አለ፤ ይህም በተለይ የእኛን ከተማ ይመለከታል። የደቡብ ክልል በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ሲከፈል፤ በሐዋሳ የነበሩት የክልሉ ቢሮዎች ሠራተኞች ወደ ወላይታ ሶዶ፤ ወደ አርባ ምንጭ፤ ወደ ሆሳዕናና ወደ ሌሎችም ከተሞች ተመድበው ሄዱ። ከዚያም በፊት የሲዳማና የደቡብ ምዕራብ ክልሎች ሲቋቋሙ እንዲሁ ሆኖ ነበር። ቤተ ሰቡን ሐዋሳ ትቶ፤ በ57 እና በ58 ዓመቱ በሌላ ከተማ ቤት የተከራየ ጸሐፊ አለ። ሰው ሲዛወር ማኅደሩም አብሮት መዛወር አለበት። በጡረታ ሕግ ደግሞ ዕድሜ የሚታወቀው መጀመሪያ ሲቀጠሩ በሞሉት ቅጽ ነው። አገልግሎትም የሚቈጠረው በቅጥር ደብዳቤ፤ በዝውውር ደብዳቤና በደመወዝ መክፈያ መዝገብ ነው። ከሠላሳ ዓመት በፊት ከተጻፉት ከእነዚህ ወረቀቶች አንዱ ቢጐድል፤ የጐደለው ወረቀት ብቻ አይደለም፤ ዓመታት ይጐድላሉ፤ እያንዳንዱም ዓመት ከመቶ 1.25 ነው።

ባለፈው ዓመት በአንድ መሥሪያ ቤት ኮሪደር ላይ አንድ አዛውንት አይቻለሁ። ዕድሜ ልካቸውን የሌላውን ማኅደር ሲጠብቁ የኖሩ ናቸው። የራሳቸው ማኅደር ሲከፈት የአራት ዓመት የአገልግሎት ማስረጃ ታጣ። «አባባ፤ ከቀድሞው መሥሪያ ቤት አጽፈው ይምጡ» አላቸው ወጣቱ ሠራተኛ፤ በትሕትና ነበር የተናገረው። «ልጄ፤ መሥሪያ ቤቱ እኮ የለም፤ ፈርሷል» አሉት። ወጣቱም ዝም አለ፤ እርሳቸውም ዝም አሉ። ሁለቱም ጥፋት አልነበረባቸውም። ጥፋቱ የሠራተኛውን ማስረጃ ማሟላት የራሱ የሠራተኛው፤ ያውም በመጨረሻው ቀን የሚፈጸም ሥራ አድርጎ የሚያየው አሠራር ነው።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ወቀሳ ብቻ ጽፎ መቀመጥ የተማሪ ወግ እንዳይሆን፤ የምንጠይቀውን በግልጽ እናስቀምጥ።

የጡረታ አበል ከዋጋ ንረት ጋር በሕግ ይታሰር። ሕንድ ለመንግሥት ጡረተኞቿ በዓመት ሁለት ጊዜ፤ በዋጋ መለኪያ እየተሰላ፤ የኑሮ ውድነት ማካካሻ ትከፍላለች። የእኛም የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤት የዋጋ መለኪያ በየወሩ ያወጣል፤ ቍጥሩ አለ፤ የጐደለው ቍጥሩን ከጡረታው ጋር የሚያገናኝ አንድ አንቀጽ ነው። ቀጥሎም የደመወዝ እርከን በተሻሻለ ቍጥር የጡረተኛው መነሻ ደመወዝ በዚያው እርከን እንደ ገና ይሰላ፤ ከመስከረም በፊት የወጣውና ከመስከረም በኋላ የሚወጣው እኩል ይሁኑ። ዝቅተኛው ጡረታም ከዝቅተኛው ደመወዝ በእጅጉ የማያንስ ይሁን። ፈንዱ ከመንግሥት ጋር በሚያደርገው ብድር ወለዱ ከዋጋ ንረት በታች እንዳይሆን፤ ሒሳቡም በየዓመቱ ለባለ ገንዘቦቹ በጋዜጣ ይገለጽላቸው። በመጨረሻም ማንኛውም ሠራተኛ 58 ዓመት ሲሞላው መሥሪያ ቤቱ ራሱ ማኅደሩን መርምሮ፤ የጐደለውን አሟልቶ፤ ለሠራተኛው በጽሑፍ ያስታውቀው። መሥሪያ ቤቱ በመፍረሱ ማስረጃ ከጠፋ፤ ጥርጣሬው ለሠራተኛው ይፈረድ፤ መሥሪያ ቤቱን ያፈረሰው እርሱ አይደለምና።

መምህሮቻችን ሆይ፤ ይህ የእናንተም ጉዳይ ነው። ከእናንተም ደመወዝ ያው ከመቶ 7 በየወሩ ይቈረጣል፤ የመጨረሻው ሒሳብም የሚሠራው በዚሁ ቀመር ነው። የሕግ፤ የምጣኔ ሀብትና የሒሳብ አያያዝ ክፍሎች ይህን ነገር አጥንተው ቢጽፉ ቃላቸው ከእኛ ይልቅ ይሰማል። ልጅ ለናቷ ምጥ አስተማረች እንዳትሉን፤ እናንተ ቅደሙ፤ እኛ እንከተላለን።

እኛ ተማሪዎች ደግሞ ዛሬ ልንጀምረው የምንችለው ሥራ አለ። ኅብረታችን በሳምንት አንድ ከሰዓት በኋላ፤ በመሃል ከተማ፤ ለጡረታ ለተቃረቡ የመንግሥት ሠራተኞች የእርዳታ ጠረጴዛ ይክፈት። የሕግ ተማሪው አዋጁን ያስረዳ፤ የሒሳብ ተማሪው አበሉን ያስላ፤ የኮምፒዩተር ተማሪው ያረጁትን ደብዳቤዎች ፎቶ አንሥቶ ያስቀምጥ። ለዚህ በጀት አያስፈልግም። ጠረጴዛ፤ ሁለት አግዳሚ ወንበርና ትዕግሥት ይበቃል። ከጥቂት ወራት በኋላ፤ ስንት ሰው በየትኛው ወረቀት መጕደል እንደ ተጐዳ በእጃችን ዝርዝር ይኖረናል፤ ያን ዝርዝር ይዘን ለሚመለከተው ባለ ሥልጣን ስንቀርብ ጩኸት ሳይሆን ማስረጃ ይዘን እንቀርባለን።

ነግ በእኔ ማለት የሽማግሌ ቃል ብቻ አይደለም። ከመካከላችን ሥራ የሚያገኝ ሁሉ በመጀመሪያው ደመወዙ ላይ ከመቶ 7 ተቀንሶ ይደርሰዋል፤ ያን ቀን የሚጀምረው ሒሳብ ከ36 ዓመት በኋላ ይዘጋል። እንዴት እንዲዘጋ እንደምንፈልግ የምንናገርበት ጊዜ ግን አሁን ነው።

በእርዳታው ጠረጴዛ ለመሥራት ፈቃደኛ የሆነ፤ ስሙንና የትምህርት ክፍሉን እስከ መጪው ዓርብ ድረስ ለኅብረቱ ጸሐፊ ያስመዝግብ።

አንድ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ